የዓርብ ወንበር

ሥራዬ ማስተርጎም ነው ይባላል እንጂ ቀኑን ሙሉ የምውለው የጫማ ክር ሳስር፣ አፍንጫ ስጠርግና እርሳስ ስቀርጽ ነው። ሲያትል ውስጥ፣ ሬኒየር ቢች አካባቢ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍል ረዳት ነኝ። ከአገራችን የመጡ ልጆች ስለበዙ ለእነሱና ለወላጆቻቸው አማርኛ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል ተባለና ተቀጠርኩ። ልጆቹ ሐመልማል ማለት ቢያቅታቸው ሚስ ሐሚ አሉኝ። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሴትዮ ሐሚ ስባል መጀመሪያ ደሜ ይፈላ ነበር፤ አሁን ሐመልማል ብለው ቢጠሩኝ ዞር የምል አይመስለኝም።

ይህ የምነግራችሁ የሆነው አዲሱ ባቡር በማርቲን ሉተር ኪንግ መንገድ መመላለስ በጀመረበት የትምህርት ዓመት ነው። የክፍሉ መምህርት ሚስ ፓወል ትባላለች። ገና ወጣት ናት፣ ፊቷን ጠቃጠቆ ሞልቶታል፣ ክፉ ቃል ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ኋላ እሷን እንዳትረግሙብኝ ነው። እንኳን እሷን፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚረገም ሰው ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ሚስ ፓወል ለሳምንቱ ሥርዓት አበጅታለታለች። ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጡና ቅዳሜና እሑድ የዋሉበትን በተራ ያወራሉ። ማክሰኞ በየጠረጴዛው ሆነው እየተቀባበሉ ጮክ ብለው ያነባሉ። ረቡዕ ቤተ መጻሕፍት ይገቡና የመረጡትን መጽሐፍ ለምን እንደወደዱት ለጓደኛቸው ይነግራሉ። ሐሙስ የሒሳብ ጨዋታ አለ፤ እሱም ቢሆን የሚያሸንፈው ቀድሞ የጮኸ ነው። ዓርብ ግን የሁሉም አለቃ ነው። መስኮቱ ሥር ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ወንበር አለ። ዓርብ ከምሳ በኋላ ባለተራው ልጅ ከቤቱ ትንንሽ ዕቃዎችን በወረቀት ከረጢት ይዞ ይመጣና እዚያ ወንበር ላይ ጉብ ይላል። ዕቃዎቹን እያወጣ ታሪካቸውን ይናገራል፤ ልጆቹ ይጠይቁታል፤ እሱም ይመልሳል። ልጅ ሁሉ ተራው የሚደርስበትን ዓርብ እንደ ዓመት በዓል ነው የሚጠብቀው።

እንግዲህ በዚያ ክፍል መማር ማለት መናገር ነው። እኔ ባደግሁበት ክፍል መማር ማለት ዝም ማለት ነበር። ሲንጫጩ መጀመሪያ ሰሞን ራሴን ያዞረኝ ነበር፤ እንዲያውም አንድ ቀን ሳላስበው ጸጥታ ብዬ ጠረጴዛ መትቼ ሚስ ፓወል በድንጋጤ ብርጭቆዋን ጥላለች።

እስከዳር ወደ ክፍላችን የመጣችው በመስከረም ነው። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቤተሰቦቿ ከአዲስ አበባ ከመጡ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። አባቷ በዛብህ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ መኪና ይነዳል፤ እናቷ ውብአየሁ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። በዛብህ የሥራ ጃኬቱን እንደለበሰ ልጁን በእጁ ይዞ መጣና በሩ ላይ በርከክ ብሎ ኮሌታዋን አስተካከለላት። ከዚያ እኔ እየሰማሁት እንዲህ አላት፦

«መምህርሽ ስትናገር አፍሽን ዝጊ፣ ጆሮሽን ክፈቺ። ሰው ፊት አትለፍልፊ። አባትሽን እንዳታሰድቢ።»

ፈገግ አልኩ። ይህን ምክር ያልሰማ ሐበሻ ካለ ትምህርት ቤት ደጅ አልደረሰም ማለት ነው። እኔንም አባቴ ቃል በቃል እንደዚያው ብሎኛል፤ እኔ ግን በግራ ጆሮዬ ሰምቼ በቀኝ አፈሰስኩት። እስከዳር እንደኔ አይደለችም። አባቷ የነገራትን እንደ ጸሎት ያዘችው።

ሰኞ ምንጣፉ ላይ ተራዋ ሲደርስ መሬት መሬት አየች። ሚስ ፓወል ችግር የለም፣ ሌላ ቀን ትነግሪናለሽ አለቻት። ማክሰኞ የንባብ ተራዋ ሲደርስ ጣቷን ከቃል ቃል እያራመደች በዓይኗ ታነባለች፤ ድምፅ ግን የለም። ሐሙስ የሒሳቡን መልስ ታውቀዋለች፤ ወረቀቷ ጥግ ላይ በትንሹ ጽፋው አያለሁ፤ ሌላው ልጅ ጮኾ ያሸንፋል። ሳምንቱ እንዲህ ዞሮ ይመጣል፣ ደግሞ ይዞራል። ልጆቹም ለመዱት፤ ተራው እሷ ጋ ሲደርስ ቀጥሎ ያለው ልጅ ሳይነገረው ይቀጥላል።

በኅዳር ወላጆች ተጠርተው ስለ ልጆቻቸው ሲነገራቸው በዛብህ መጣ። ሚስ ፓወል ልጅህ በጣም ትሑት፣ ጸጥተኛና ተወዳጅ ናት፣ ድምፅዋን ብሰማው ግን ደስ ይለኛል አለችው። እኔም አንዲት ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩ። የመጀመሪያው ግማሽ ፊቱን አበራው፤ ሁለተኛው ግማሽ የት እንደገባ እንጃ። በማግስቱ እስከዳር ስትረግጣቸው ተረከዛቸው ላይ መብራት የሚያበሩ አዲስ ጫማዎች አድርጋ መጣች። ልጅቷ ለዝምታዋ ተሸለመች ማለት ነው።

እኔ ልጅቷ ዓይናፋር ናት ብዬ ትቼው ነበር። አንድ እሑድ ግን ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ስኒ ስሰበስብ ከደረጃው ሥር የልጅ እንግሊዝኛ ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ ባይ እስከዳር ናት። ትንንሽ ልጆችን መሬት ላይ በክብ አስቀምጣ መምህር ሆናለች። «ጓደኞቼ፣ ዓይን ወደኔ» እያለች፣ የሚስ ፓወልን አነጋገር ከነእጅ እንቅስቃሴው ሳታዛንፍ፣ ሰኞ ነው ትላለች፣ ያወሩላታል፤ ዓርብ ነው ትላለች፣ የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ አንዱን ታስቀምጠዋለች። አንዱ ሕፃን አልናገርም ቢላት አገጩን በጣቷ ቀና አድርጋ፣ ችግር የለም፣ ሌላ ቀን ትነግረናለህ አለችው።

የክፍላችንን ሳምንት ከሰኞ እስከ ዓርብ በአንድ ቁጭታ እዚያ ደረጃ ሥር አስተማረች። እኔን ስታይ አፏ ግጥም አለ። ልቤ ስፍስፍ ብሎ ቀረ።

እናቷን ብጠይቃት፣ ኧረ እቤትማ ምላሷ አያርፍም፣ እኔ ፈረቃ ላይ ውዬ ስመጣ ጆሮዬን ትበላዋለች አለችኝ። ሰኞ ጠዋት ኮቴን ሳላወልቅ ለሚስ ፓወል ነገርኳት። በደስታ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ያልሞከረችው የለም፤ ብቻዋን አስቀመጠቻት፣ አሻንጉሊት ሰጥታ እሱ ይናገር አለቻት፣ ጀርባዋን ሰጥታ ጠየቀቻት። ወይ ፍንክች። ሚስ ፓወልም በመጨረሻ አምንሻለሁ፣ ግን ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ሥር ለተናገረችው ውጤት ልሰጥ አልችልም አለችኝ። እውነቷን ነው።

ስለዚህ ጣጣው ወደ አባትዬው ዞረ። በጥር አንድ ቀን በዛብህ ልጁን ሊወስድ ሲመጣ ማቆም በማይፈቀድበት ቦታ የሆቴሉን መኪና ገትሮ አገኘሁትና ነገሩን ዘረዘርኩለት። በዚህ አገር ዝም ያለ ልጅ ጨዋ አይባልም፣ አልገባውም ነው የሚባለው፣ ሳይቃጠል በቅጠል አልኩት። እሱም በአክብሮት አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አለኝ። እኔስ ተረት መች ይቸግረኛል? ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል አልኩት። ሳቀ። ይሁን፣ እነግራታለሁ አለኝ።

ነገራትም። በዚያው ሳምንት ደግሞ የእስከዳር ዓርብ ደረሰች። በዛብህ ፈረቃውን ከጓደኛው ጋር ተቀያይሮ፣ ጢሙን ተላጭቶ መጣና ከበሩ አጠገብ ቆመ። እስከዳር ከረጢቷን ታቅፋ ወንበሩ ላይ ወጣች። እግሯ መሬት አይደርስም። አንድ ሚዶ አወጣች፤ እናቷ ጸጉሯን የምታበጥርበት የእንጨት ሚዶ። በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ አሳየች። ያ የሚንጫጫ ክፍል ለእሷ ሲል ትንፋሹን ዋጠ፤ ልጆች እንደዚያ ደግ ሲሆኑ አይቼ አላውቅም።

አፏ ተከፈተ። አገጯ ተንቀጠቀጠ እንጂ አንዳች ነገር አልወጣም። ያን ጊዜ አባቷ ከበሩ ላይ፣ በአማርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተናገሪ እንጂ፣ ምን ሆነሻል?» አላት። ቁጣ አልነበረም፤ ጭንቀት ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ሁለቱ አይለዩም። ሚዶዋን ወደ ከረጢቱ መለሰች፣ የከረጢቱን አፍ እጥፍ እጥፍ አድርጋ ዘጋችና ውረጂ እስኪሏት ድረስ እዚያው ተቀመጠች። በዛብህ መምህሯን፣ ልጄ ዕቃ ሰበረችብሽ የሚል ሰው ይመስል፣ ሶሪ ሶሪ እያለ ወጣ።

ያን ቀን የገባኝ ነገር አለ። አባት በአንድ ቃል የዘጋውን አፍ በአንድ ቃል የሚከፍተው መስሎን ነበር። አይደለም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ።

ተስፋ የመጣው ካላሰብነው በኩል ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ከእስከዳር ጋር የምትቀመጥ ናኢማ የምትባል ልጅ አለች፤ ቤተሰቦቿ የወሎ ሰዎች ናቸው፣ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አዲስ አልበቀሉም፣ ወሬ ካላወራች ያማታል። የዚህ አገር ክረምት፣ ብርዱ፣ ወጣ ሲል እስከዳር ለናኢማ በጆሮዋ ማንሾካሾክ ጀመረች። ናኢማም እጇን ታወጣና «እስከዳር መልሱ አሥራ አራት ነው ትላለች» ትላለች። ሰኞ ሰኞ ደግሞ፣ እስከዳር አባቷ መኪና ውስጥ አንድ ሰውዬ ውሻ ይዞ ገባ ትላለች፣ እያለች የራሷንም ትጨማምርበታለች። የሚስ ፓወል ክፍል ሁለተኛ አስተርጓሚ አገኘ፤ እኔን እንዳያባርሩኝ ብዬ ቀለድኩ። ከሹክሹክታ እስከ ድምፅ ሩቅ አይደለም፤ ዛሬ በናኢማ ጆሮ፣ ነገ በጠረጴዛው፣ ከነገ ወዲያ በምንጣፉ ላይ ብዬ ሳምንቱን እቆጥር ጀመር።

ግን ወረቀቱ ቀድሞ ሄዷል። ሚስ ፓወል በብርዱ ወራት፣ ልጅቷ አትናገርም ብላ፣ የከተማውን ትምህርት ቤቶች ለሚያስተዳድረው ለዲስትሪክቱ ጽፋ ስለነበር ባለሙያ ሴት መጣችና ሥዕል ያለባቸውን ካርዶች እያሳየች ልጅቷን ፈተነቻት። በጣት አሳዪ ሲሏት ሁሉንም አሳየች፤ ተናገሪ ሲሏት ዝም። ሴትዮዋ ደግና ጠንቃቃ ናት፤ ልጅቷ የንግግር ባለሙያ ያለበት፣ ጥቂት ልጆች ያሉት ልዩ ክፍል ያስፈልጋታል አለች። ያ ክፍል ያለው ደግሞ ከተማውን አቋርጦ ኖርዝጌት በኩል ነው። አውቶቡስ እቤቷ ድረስ እየመጣ ይወስዳታል። አዲስ ሰው፣ አዲስ ክፍል፣ ናኢማ የሌለችበት። መቼ ትመለሳለች ብዬ ጠየቅሁ። መናገር ስትጀምር አሉኝ።

በዚህ አገር ሕግ ወላጅ ካልተስማማ ልጅን ወደዚያ ዓይነት ክፍል መውሰድ አይቻልም። በዛብህ እምቢ ካለ አለቀ። ይህን ለመወሰን ለተጠራው ስብሰባ ሲመጣ ኮሪደሩ ላይ ይዤው ይህንኑ ነገርኩት።

«እትዬ ሐመልማል፣ እኔ እንድትሄድብኝ አልፈልግም» አለኝ። «ውብአየሁም ሌሊቱን ስታለቅስ ነው ያደረችው። ልጄ እኮ እቤት ስልኬን ነጥቃ እንደ አለቃዬ በእንግሊዝኛ ትቆጣኛለች። መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብላ ለፓሴንጀር ዌልካም ቱ ሲያትል የምትለው እሷ ናት። ምን ጎደላት?»

«ይህንኑ ንገራቸው፤ እኔ እተረጉመዋለሁ። እምቢ ማለት ትችላለህ፣ ማንም አይቀየምህም።»

«እነግራቸዋለሁ» አለ።

ገባን። ትልልቅ ወንበሮች አልበቃ ብለው በዛብህ የልጆች ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደረሰ። ባለሙያዋ፣ ርእሰ መምህሩ፣ ሚስ ፓወል፣ ሁሉም ተራ በተራ ስለ እስከዳር ተናገሩ፣ ሁሉም በፍቅር። እኔ እየተከተልኩ ተረጎምኩ። በዛብህ እያንዳንዱ ሰው ሲጨርስ ራሱን ይነቀንቃል። እኛ ራሳችንን ስንነቀንቅ ሰማሁ፣ አክብሬያለሁ ማለታችን ነው፤ እነሱ ግን ተስማማ ብለው ነው የሚጽፉት። በመጨረሻ ሚስ ፓወል ወደ እሱ ዞረች። አቶ በዛብህ፣ ስለ ልጅህ እኛ የማናውቀው፣ ልትነግረን የምትፈልገው ነገር አለ? አለችው። ጥያቄ ማለት እንደዚህ ነው፤ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችለት።

ተረጎምኩለትና ጠበቅሁ። በዛብህ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። እንዲያ ሲሆን ቁርጥ ልጁን መሰለ።

«የለኝም። ስለ ድካማቸው እግዚአብሔር ይስጥልን ይበሉልኝ።»

በአማርኛ፣ ኮሪደር ላይ የነገርከኝስ? አልኩት። ባለሙያዋ በትሕትና፣ እባክሽ አስተርጓሚ የራሱን አይጨምርም፣ የተባለውን ብቻ አለችኝ። ትክክል ናት፤ ሲቀጥሩኝ ያስፈረሙኝ ይህንኑ ነው። የተባለውን ብቻ ተረጎምኩ። የለኝም፣ አመሰግናለሁ አልኩ። እሱም ፈረመ።

ስንወጣ ንዴቴን መቆጣጠር አቃተኝ። ለምን? አልኩት። ያ ሁሉ ትልቅ ሰው ሥራውን ፈቶ ለኔ ልጅ ሲሰበሰብ እንዴት ብዬ ፊታቸውን ላጥቁር አለኝ። ደግሞም መምህርን እምቢ ካልኩ ልጄን በክፉ ዓይን ያዩብኛል አለ። ልፋ ቢለኝ በዚያው ሳምንት ቤቱ ሄድኩ። ውብአየሁ ከጎኔ ሆና ለመነችው። አንዴ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ፈርሜ ነገ ላጥፍ እንዴ፣ ሰው ምን ይለኛል አለን። እስከዳር ጓዳው በር ላይ ቆማ ሁሉንም ትሰማ ነበር። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ባሕር ተሻግሮ፣ ኢሚግሬሽን አልፎ፣ እዚህ ድረስ ከነሙሉ ጤናው መግባቱ ይገርመኛል።

ሚስ ፓወልም ልቧ አላረፈም። እስከዳር ለናኢማ ስታንሾካሹክ እያየች ትጨነቅ ነበር። እስከ ዓርብ ድረስ ጊዜ አለ አለችኝ፤ ዓርብ የመጨረሻ ቀኗ ነው፣ አባቷ አንዲት ቃል ብቻ፣ አልፈልግም ብቻ ይበለኝ፣ እኔ ራሴ ወረቀቱን አስመልሳለሁ። ግን ከአባቷ አፍ ነው መስማት ያለብኝ፣ ያንቺን ሰምቼ ላስቀር አልችልም። ይህንንም ለበዛብህ በስልክ ነገርኩት። እሺ አለ። የእሱ እሺ ምን እንደሆነ ደግሞ አሁን አውቃለሁ።

ዓርብ ደረሰ። ሚስ ፓወል የባለተራውን ልጅ ለሚቀጥለው ሳምንት አዛውራ እስከዳርን ሰማያዊው ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። መናገር የለብሽም፣ ዛሬ እኛ ነን ስላንቺ የምንናገረው አለቻት። ልጆቹ እየተነሡ የሚያውቁትን ተናገሩ። አንዱ እርሳስ ስትቀርጽ አይሰበርባትም አለ። አንዷ፣ ስወድቅ ያነሳችኝ እሷ ናት አለች። ናኢማ ተነሥታ እስከዳር በጣም ቀልደኛ ናት፣ እናንተ ስለማትሰሟት ነው አለችና ተቀመጠች፤ ያቺ ወሬኛ ሌላ የምትጨምረው ጠፋት። እኔ የቆሻሻ ቅርጫቱን ይዤ ወጣሁ።

ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ሲበተኑ ተመልሼ ገባሁ፤ በዛብህም መጣ። ክፍሉ ውስጥ አራታችን ብቻ ቀረን። ሚስ ፓወል እስከዳር ፊት በርከክ ብላ የቦርሳዋን ማንገቻ እያስተካከለችላት፣ አባትየውን ቀና ብላ አየችው። ቃሉን እየጠበቀች እንደሆነ አውቃለሁ። በዛብህ ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል።

ያን ጊዜ እስከዳር የአባቷን ጃኬት ጎተተች። ጎንበስ አለላት። እጇን በአፏና በጆሮው መካከል ጋርዳ ተናገረች፤ እኔ ከአጠገባቸው ነበርኩና ሁሉንም ሰማሁት።

«አባዬ፣ እናገራለሁ በላት። ሰኞ ምንጣፉ ላይ እናገራለሁ። እዚሁ ልሁን።»

ሚስ ፓወል የልጅቷን ከንፈር አይታ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እዚህ ክፍል ውስጥ ለትልቅ ሰው ስትናገር ስታያት የመጀመሪያዋ ነው። ምን አለች? ምን አለችህ? ብላ ጠየቀችው።

በዛብህ ቀና አለ። ፊቱ ተለዋወጠ። ልጁን አየ፣ መምህሯን አየ፣ የተዘጋጀውን ቦርሳ አየ። ከዚያ በራሱ እንግሊዝኛ፣ እኔን ሳይጠብቅ መለሰ።

«ሺ ሴይ ታንክ ዩ፣ ቲቸር።»

አላስችል አለኝ። ያስፈረሙኝም ወረቀት፣ ሥራዬም ገደል ይግባ ብዬ እስከዳር ያለችውን ቃል በቃል በእንግሊዝኛ ነገርኳት። ሚስ ፓወል ከተንበረከከችበት ተነሥታ በዛብህን ፊት ለፊት አየችው። እንደዚያ ነው ያለችው? እንድትቆይ ትፈልጋለህ? አለችው፤ ቀስ ብላ፣ እንዲገባው። ገብቶታል። ይህን ያህል እንግሊዝኛ በየቀኑ ይናገራል።

በዛብህ ሳቀ። ያቺን እኛ መውጫ ስናጣ የምንስቃትን ሳቅ ሳቀ።

«ኖ፣ ኖ። ኤቭሪቲንግ ጉድ። ታንክ ዩ ቬሪ ማች።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ በማርያም። ይኼን ያህል ደክመውላት፣ አሁን እንዴት ይባላል?» ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

ሚስ ፓወል እኔን አየች፣ እሱን አየች። ማንን ትመን? እሱ አባት ነው፤ እኔ የራሴን የምጨምር አስተርጓሚ ነኝ። ይመስለኛል እኔን ነው ያመነችው፤ ግን የምትይዘው ነገር አልሰጣትም። ልጅቷን አቀፈቻት፣ ጉንጯን ሳመቻት፣ እንደምትናፍቃት ነገረቻት።

እስከዳር ሁለቱንም ቋንቋ ትሰማለች። አባቷ ምን እንዳለ፣ እኔ ምን እንዳልኩ፣ እሱ መልሶ ምን እንዳለ፣ አንድም ያመለጣት የለም። ጃኬቱን ለቀቀችው። በዛብህ ግን እጇን ፈልጎ ያዘና በሩ ጋ ሲደርሱ ሌላ የሚለው ነገር አጥቶ «ጎበዝ፣ የኔ ጨዋ» አላት። እሷም እሺ ለማለት ራሷን ነቀነቀች።